በሁለት ጠርሙስ ለ16 ሰው፦ ቤት ውስጥ ኮክቴል ለመሥራት ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ሰላም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ ወንድሜ ክረምት ላይ ይመረቃል። ቀን የቤተሰቡ ድግስ አለ። ማታ ደግሞ ወደ 15 የሚሆኑ ጓደኞቹን ሰብስቤ ኮክቴል ልሠራላቸው አስቤያለሁ። የውጭ ውስኪ አቅሜ አይደለም። የአገር ውስጡን ጂን ወይም ቮድካ ብገዛ ያሳፍረኛል? የከተማችን አረቄስ ኮክቴል ይሆናል? ሼከርም ሆነ ሌላ ዕቃ የለኝም።»

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አያሳፍርሽም። ባር ጀርባ ለዓመታት ቆሜያለሁ፣ አሁን ደግሞ ባርማኖችን አሠለጥናለሁ። በሎሚና በስኳር ተመትቶ የቀረበን የአገር ውስጥ ጂን ከውጩ ለይቶ የሚያውቅ እንግዳ ብዙ አላጋጠመኝም። የቤት ኮክቴልን የሚያበላሹት ሌሎች ናቸው፦ ትናንት የተጨመቀ ሎሚ፣ ሥጋ ሥጋ የሚል በረዶና በዓይን ግምት የሚቀዳ መጠጥ። ስለዚህ በጀትሽን ስትከፋፍይ ጠርሙሱ ላይ ቆጠብ በዪ፤ ሎሚና በረዶ ላይ ግን እጅሽ አይጠር።

አንድ ጠርሙስ ብቻ ልግዛ ብትዪኝ ጂን እልሻለሁ። ቮድካ የራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል። ርካሹን ስትገዢ የሚተርፍሽ ማቃጠሉ ብቻ ነው። ጂን ግን የጥድ ፍሬ፣ የድንብላል፣ አንዳንዴም የሎሚ ልጣጭ መዓዛ ይዞ ይመጣል። መዓዛው የአልኮሉን ሻካራነት በከፊል ይሸፍንልሻል። ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጭራሽ ያምርበታል።

ሱቅ ስትገቢ ከዋጋው በፊት ሁለት ቁጥር አንብቢ። አንደኛው የአልኮል መጠኑ ነው። 40 በመቶ አካባቢ ያለውን ምረጪ። ከዚያ በጣም የወረደው በረዶ ሲቀልጥበት ውሃ ውሃ ይላል። ሁለተኛው ሚሊ ሊትሩ ነው። የ750 ሚሊ ጠርሙስ 45 ሚሊ የሚይዝ መለኪያ 16 ጊዜ ይሞላል። የ1 ሊትሩ 22 ጊዜ ይሞላል። የጠርሙሱን ዋጋ ለዚህ ቁጥር አካፍዪና የአንዱ መለኪያ ዋጋ ስንት እንደሚመጣ እዪው። ርካሽ የመሰለሽ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው ርካሽ የመሰለው።

ሁለተኛ ጠርሙስ መግዛት ከቻልሽ የአገር ውስጡን ኮኛክ ጨምሪ። ምክንያቴ የእናንተ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በክረምት ምሽት ደግሞ በረዶ የሞላበትን ብርጭቆ ይዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ለማንም አይመችም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ በጂን፣ ጨዋታው ሲደራ ትኩስ በኮኛክ። ሁለት ጠርሙስ፣ ለ16 ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብርጭቆ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ለምን እንዳልኩ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

«በጣም ርካሽ የውጭ ውስኪ አግኝቼልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ከመጣ ግን እዚያው ተሰናበችው። ባዶ የውጭ ውስኪ ጠርሙስ ቆራሌው ዘንድ ለምን ዋጋ እንደሚያወጣ አስቢ። የሚገዛው ሁሉ ዘይት ሊያስቀምጥበት አይደለም። ክዳኑ ሲከፈት የሚሰበረው ቀለበት ሙሉ መሆኑን እዪ። ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁመሽ የመጠጡ ከፍታ እኩል መሆኑን ተመልከቺ። መለያ ወረቀቱ ተጣሞ ወይም ሙጫው ወጥቶ ከሆነ ተዪው። የታወቀ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ጂን ከማይታወቅ «ስኮች» (የስኮትላንድ ውስኪ) ሁልጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደ አረቄው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ ይከብዳል። የከተማችሁ አረቄ ስሙ ሩቅ ይሰማል። እኔም እንደ መጠጥ አከብረዋለሁ። ብቅልና ጌሾ ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተይዞ ነው የሚወርደው። የእህል ውስኪም በመሠረቱ መንገዱ ይኸው ነው። ትልቁ ልዩነት ውስኪው ከወጣ በኋላ በእንጨት በርሜል መተኛቱ ነው። ስኮች ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት ይተኛል። አረቄው ግን ሳምንት እንኳ ሳይሞላው መለኪያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጭሱም፣ ገብሱም፣ ጌሾውም ፊት ለፊት ነው የሚመጣው።

ይህ ጣዕም ከጂን ጋር አይለዋወጥም። ብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ብትጨምሪው ብርቱካኑን ይውጠዋል። ማር፣ ዝንጅብልና ሎሚ ግን ይችሉታል፤ በተለይ ትኩስ ሲሆን። ጉንፋን ሲይዛቸው አረቄ በማር የሚሉት አባቶች ጣዕሙን በደንብ ያውቁት ነበር። ጉንፋኑን ማዳኑን እንኳ ተዪው።

ለአንቺ ግብዣ የማይመቸው በሌላ ምክንያት ነው። ተራ አረቄ አለ፣ ዳግም አለ። ዳግሙ እንደገና ተጥዶ የወጣ ስለሆነ 45 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ተራው ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ሁለቱም ደግሞ ከአውጪ አውጪ ይለያያሉ። በአንድ ማሰሮ ለ16 ሰው የሚቀላቀል መጠጥ ጥንካሬው መታወቅ አለበት። አለበለዚያ አንዱ ሞቅ ሲለው ሌላው ደጅ ወጥቶ ሲያስመልስ ታገኚዋለሽ። ለራስሽና ለሁለት ጓደኞችሽ መሞከር ከፈለግሽ ግን ከምታውቂያቸው፣ ራሳቸው ከሚያወጡ ሴት ግዢ። ስም ከሌለው ጀሪካን አትግዢ።

ስለ ጀሪካኑ ትንሽ ልቆይ። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል አብዛኛውን ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ሰው የሚታወረውና የሚሞተው በአብዛኛው ለማብዛትና ለማጠንከር ሲባል የኢንዱስትሪ አልኮል ሲደባለቅ ነው። ይህን በምላስም በአፍንጫም አትለዪውም። ክብሪት ጭሮ ነበልባሉን ማየትም አያስተማምንም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሲነዱ ንጹሕ የሆነው የሚነድ ይመስላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። በማግስቱ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ከባድ ራስ ምታት ይመጣል፤ ሰው አንጎበር ነው ብሎ ይተኛል። ዓይን ከደበዘዘ ወይም ጭጋግ ጭጋግ ካለ ግን አንጎበር አይደለም። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል።

አንድ ሌላ ነገርም ስለምሰማ ልጨምር፦ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ፍሬ ለቅሞ፣ አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎ «የሸዋ ጂን» መሥራት። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን ይቅርብሽ። የሐበሻ ጥድና ጂን የሚሠራበት ጥድ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የጥድ ፍሬ ሁሉ ደግሞ ለሰው አይሆንም።

ዕቃን በተመለከተ ምንም አትግዢ። ለሼከር ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ የለውዝ ቅቤ ፕላስቲክ ማሰሮ ይበቃል። ከመስታወት ፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ በረዶ ሲወረወርበት አይሰበርም። ለማጥለል የሻይ ማጥለያ አለሽ። መለኪያ ቤት ውስጥ አታጪም፤ ግን ስንት እንደሚይዝ አታውቂም። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ግዢና በውሃ ለኪው። 40 ይይዛል? 50? አንዴ ካወቅሽው ሁልጊዜ እሱን ትጠቀሚያለሽ። ይህን የምለው ሰው ቤቱ ሲቀዳ ስለሚለግስ ነው። ልግስናው ደግሞ የሎሚውንና የስኳሩን ሚዛን ይገለብጠዋል።

በረዶ። ፍሪጅሽ ውስጥ ሥጋ፣ የተከተፈ ሽንኩርት ወይም በርበሬ ካለ በረዶሽ ሽታውን ሁሉ ይስባል። የበረዶ ማስቀመጫውን በፌስታል ጠቅልዪው ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጊው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ኮክቴል ውስጥ ያለው አልኮል ውሃ አያጠራም። ከሁለት ቀን በፊት ጀምረሽ አጠራቅሚ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላልና። ትልልቁ በረዶ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። በትንንሽ የፕላስቲክ ስኒ አቀዝቅዘሽ ብታወጪው ለብርጭቆ ልክ ይመጣልሻል። ለ16 ሰው ከምትገምቺው እጥፍ ያስፈልግሻል።

ሎሚ። ትንሿ ቀጭን ልጣጭ ያላት የእኛ ሎሚ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ተጭነሽ አንከባልያት፣ ከዚያ ቁረጪ። ጭማቂዋ ይጨምራል። በጣም አትጭመቂያት፤ ነጩ ቆዳ ሲጨመቅ ይመራል። ከአንዷ 15 ሚሊ ገደማ አስቢ። የምትጨምቂው በዚያው ቀን፣ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠውን የሎሚ ጭማቂ ለሰላጣ ተዪው።

ስኳር። ደረቅ ስኳር ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ አይሟሟም፤ ብርጭቆው ሥር አሸዋ ሆኖ ይቀራል። አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ትኩስ ውሃ አሟሚና አቀዝቅዢ። ሽሮፕ የሚባለው ይኸው ነው። ግማሹን ስትሠሪ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ጨምረሽ 10 ደቂቃ አፍዪው፤ ለኋላ ይጠቅምሻል።

አሁን መጠጡ። 45 ሚሊ ጂን፣ 25 ሚሊ ሎሚ፣ 20 ሚሊ ሽሮፕ። በቃ። ይህ ቀመር የመላው ዓለም ነው። ጂኑን በሩም ብትቀይሪው ኩባ ትደርሺያለሽ፤ ዳይኪሪ ይሆናል። በውስኪ ከቀየርሽው ውስኪ ሳወር ነው። ፒስኮ በሚባለው የፔሩ የወይን አረቄ ከቀየርሽው ፒስኮ ሳወር። በስኳሩ ፈንታ ማር ብታደርጊ ቢዝ ኒዝ የሚባለው ይወጣል። ለዚህኛው ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ በጥብጪ፤ ወፈር ያለ ብርዝ ማለት ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ለሰሜን ሸዋ ግብዣ የምመርጠው ይህን በማሩን ነው። የአገር ውስጥ ጂንም ከስኳር ይልቅ በማር ይለሰልሳል።

ማሰሮው ውስጥ መጠጡን ቅጂ፣ በረዶ እስከ አፉ ሙዪ፣ ክዳኑን አጥብቂ፣ ፎጣ ጠቅልዪበት። ከዚያ በኃይል አናውጪ። ለስለስ አድርገሽ ማወዛወዝ አይደለም፤ በረዶው ከጫፍ ጫፍ እየተጋጨ መንኳኳት አለበት። 12 ወይም 15 ሰከንድ ያህል። መጀመሪያ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቆይቶ ይለሰልሳል። የማሰሮው ውጭ ላብ ያወጣል፣ ጣትሽን ይቆርጥምሻል። ያን ጊዜ ክፈቺና በማጥለያ ቅጂ። ላዩ ላይ ስስ አረፋ ካየሽ በደንብ መተሽዋል። ውሃ የገባበት አይምሰልሽ፤ ከበረዶው የሚቀልጠው 30 ሚሊ ገደማ ውሃ የአሠራሩ አካል ነው። ያ ውሃ ነው ጂኑን የሚያበርደው።

አረፋው እንዲወፍር ባሮች የእንቁላል ነጭ ይጨምራሉ። ምረቃው የሰኔ ጾም ሳይፈታ ከወደቀ የሽምብራ መቀቀያ ውሃ ተጠቀሚ። ያለ ጨው ቀቅለሽ፣ ወፈር እስኪል አሳርፈሽ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ 20 ሚሊውን ማሰሮው ውስጥ ጨምሪ። አረፋው ከእንቁላሉ አያንስም፣ ሽታም የለውም። የምንጃር ሽምብራ ገበያ ላይ አታጪም። በጾም ጂኑ ራሱ ይቻላል ወይ የሚለውን ግን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

ለ16 ሰው አንድ በአንድ መምታት ግን ክንድሽን ይገነጥለዋል። እንዲህ አድርጊ። የ750 ሚሊውን ጂን ሙሉውን፣ ሽሮፑን ወይም የማሩን ብጥብጥ 320 ሚሊ፣ ጠዋት ላይ ቀላቅለሽ ሁለት የአንድ ሊትር ሃይላንድ ላይ አካፍለሽ ፍሪጅ ክተቺ። አመሻሽ ላይ 400 ሚሊ ሎሚ ጨምቀሽ ጨምሪበት። ለዚህ ወደ 30 ሎሚ ግዢ። እንግዶቹ ሲመጡ ሃይላንዱን ወዘወዝ አድርገሽ፣ በረዶ በሞላ ብርጭቆ 90 ሚሊ ቅጂና በቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ሙዪው። ይህ ኮሊንስ የሚባለው ቤተሰብ ነው። አምቦውን ከላይ አፍሺው እንጂ ማሰሮ ውስጥ ከተሽ እንዳታናውጪ፤ ክዳኑ ጣሪያ ይመታል። ናና ወይም ጤና አዳም ካለሽ አንድ ቅጠል በመዳፍሽ መካከል አጨብጭበሽ ጣል አድርጊበት። ጤና አዳሙ አንድ ቅርንጫፍ አይለፍ፤ ኃይለኛ ነው።

ትኩሱ ቀላል ነው። 45 ሚሊ ኮኛክ፣ 20 ሚሊ የማር ብጥብጥ ወይም የዝንጅብል ሽሮፕ፣ 15 ሚሊ ሎሚ፣ 120 ሚሊ ትኩስ ውሃ። ውሃው ውስጥ ቅርንፉድና ቀረፋ አፍይበት። እናንተ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና ቅመሙ ጣዕሙን እስኪሰጥ ትንሽ አቆዪው። ኮኛኩን መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ብርጭቆው ላይ ጨምሪ። ድስት ውስጥ ከጨመርሽው አልኮሉ ይተንና የከፈልሽበትን ጣሪያው ይጠጣዋል። ለሁለት ሦስት ሰው ዳግም አረቄ መሞከር የምትችዪውም እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑን ግን ወደ 30 ሚሊ አውርጂው።

ገንዘብ ከተረፈሽ ከሦስተኛ ጠርሙስ ይልቅ ፈርኔት የሚባለውን መራራ የቅጠላ ቅጠል መጠጥ ትንሽ ግዢ። መራራነቱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ነገር ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ትኩሱ መጠጥ ውስጥ ሲገባ ጣፋጩን ይገራዋል። አርጀንቲናዎች ደግሞ በኮካ ኮላ ይጠጡታል፤ እዚያ የተማሪ መጠጥ ነው። የወንድምሽ ጓደኞች ሳይወዱት አይቀሩም።

ሁለት ብርጭቆ ይበቃል ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው። በማሰሮ የተመታው ኮክቴል ውሃው ከገባበት በኋላ እንኳ 15 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከወይን ይበልጣል። በአምቦ የረዘመውና ትኩሱ ግን 10 በመቶና ከዚያ በታች ናቸው። ሎሚና ማሩ ጥንካሬውን ስለሚደብቁት ልጆቹ እንደ ጭማቂ ይጨልጡታል። ቆሎ ብቻ አታቅርቢ፤ ከቀኑ ድግስ የተረፈ ጥብስና ዳቦ ይኑር። ሞተር ወይም መኪና ይዞ የመጣ ካለ ቁልፉን ገና ሲገባ ተቀበዪው። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ተመራቂ ሁሉ 21 አይሞላም፤ ጠይቂ። ለእነሱና ለማይጠጡት የዝንጅብል ሽሮፕ፣ ሎሚና አምቦ በተመሳሳይ ብርጭቆ አቅርቢ። ከባዶ እጅ ይሻላል፤ «ለምን አትጠጣም» የሚል ንዝንዝም ይቀንሳል።

የተረፈውን በተመለከተ፦ ጂኑና ኮኛኩ ተዘግተው ፀሐይ በሌለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ለወራት ይቆያሉ። ሽሮፑ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳል። ሎሚ የገባበትን ብጥብጥ ግን በማግስቱ ጨርሱት፤ ሦስተኛ ቀን ካየ ድፉት። አምቦውም ከተከፈተ በኋላ ጋዙ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ከመክፈት ትንንሾቹን ግዢና በየተራ ክፈቺ።